«ጀርመን ነው» የሚባለው ሳንጃ፦ ከቦንጋ ሳጥኖች የወጣ ዳሰሳ

ካፋ ውስጥ ማሽቃሬ ባሮ ሲቃረብ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ሳጥን ይከፈታል። የዘመን መለወጫው በዓል ቦንጌ ሻምበቶ ላይ ሲከበር ሽማግሌው ጦርና ጋሻውን ይዞ ይወጣል፤ ቤት የቀረውም ከአልጋ ሥርና ከቆጥ ላይ የአባቱን ዕቃ እያወጣ አቧራውን ያራግፋል። ቦንጋ ከተማ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ የተቀመጥኩት በእንዲህ ያለ ሰሞን ነበር። የቤቱ ልጅ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ከጓዳ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይመልከቷት» አለኝ። ጥቅሉ ሲፈታ አጭር ሳንጃ ነው። ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ እንደ መስተዋት ያበራል። እጀታው ጥቁር፣ ዳማ በመሰሉ ጥቃቅን መስመሮች የተከረከመ፤ አፎቱም ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት። «የአያቴ አባት አድዋ ላይ የማረካት ናት። ጀርመን ናት» አለኝ።

ልጁ አልዋሸም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። ግን ንግግሩ ውስጥ አብረው የማይሄዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አድዋ ላይ የተዋጋን ጣሊያን ነው፤ ጀርመን አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ከስለቱ ሥር፣ ከእጀታው ጋር ከሚገናኝበት ወፈር ካለው ቦታ ላይ፣ የጀርመኗ የስለት ከተማ የዞሊንገን ስም ተመትቶበታል። ስለዚህ «ጀርመን ናት» የሚለው ልክ ነው፤ «አድዋ» የሚለው ደግሞ አጠራጣሪ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቤቱ የማያቸውን ሳንጃዎች በዚህ ዓይን መመልከት ጀመርኩ። የገባኝ ነገር አለ፦ ብረቱ የተሠራበትን ቦታና ዘመን ይናገራል፤ እኛ ቤት የገባበትን መንገድ ግን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሁሉ ይሳሳታል። በካፋ ደግሞ ብረቶቹ የመጡበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በየተራ የፈሰሰ ነው። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ብረቶቹ ላይ የተመቱት በዚያው ስለሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ሲወጋ፣ የጅማው አባ ጅፋርም ሰው ጨምረው፣ የካፋ ጦረኛ መሣሪያ በአመዛኙ ጦር ነበር። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ እየተሸሸገ ተከላከለ፤ በመጨረሻ ተያዘ። ከሸዋ የመጣው ሠራዊት ግን ብዙ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ በካፋ ምድር የሰፈረው ነፍጠኛ ከነመሣሪያው ነው የሰፈረው፤ የመሣሪያዎቹም ስም በየተራ አብሮ ገባ። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ። እነዚህን ስሞች ያወጣቸው የአገራችን ሰው ጆሮ ነው፤ ከስናይደር ሰናድር፣ ከፈረንሳዩ ፊዚ ግራ ውጅግራ፣ ከለበል ለበን፣ ከማንሊኸር ምንሽር ወጣ። አባቶቻችን መሣሪያ የሚለዩበት ሳይንስ ይህ ነበር። ስሙን ከሰማህ አገሩን፣ ጥይቱን፣ የሳንጃውን መልክ ታውቃለህ። የዛሬ ወጣት ስሞቹን በዘፈንና በፉከራ ያውቃቸዋል፤ የትኛው ብረት የማን እንደሆነ ግን አይለይም።

የውጅግራን ሳንጃ ያየ አይረሳውም። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ረጅም ስለት፤ ከጎን ሲያዩት ጀርባው ሰፋ ብሎ ስለቱ እንደ መርፌ የሚሾል። የእጀታው ጫፍ ናስ ነው፣ መያዣው እንጨት፣ መስቀለኛው ብረት እንደ መንጠቆ ወደ ታች የታጠፈ። ጀርባውን ጠርገው ወደ ብርሃን ቢያዘነብሉት ሰው በእጁ የጻፈው የሚመስል ተያያዥ ፊደል ይታያል፦ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ፤ ብዙውን ጊዜም 1870ዎቹ ናቸው። የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ከሆነ ፈረንሳይ ነው። ሽታየር የሚል ከሆነ ደግሞ ኦስትሪያ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በዚህኛው ላይ «ጀርመን ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ፊደሉን አይተው እንጂ አገሩን አይተው አይደለም። ምኒልክ ከፈረንሳይ በብዛት የገዙት ውጅግራ ስለሆነ ከአድዋ ትውልድ ጋር ሊያያዝ የሚችለው ሳንጃ በእርግጥ ይህ ነው። ለበን ከሆነ ደግሞ ሳንጃው ጨርሶ ስለት የለውም፤ ሲያዩት አራት ጎን ያለው ረጅም ወስፌ ነው። ልብ የሚነካው ግን የውጅግራው ጥቁር፣ ውበት የሌለው ረጅም ብረት በየቤቱ የሚከበር አለመሆኑ ነው። ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ መማሻ ሆኖ፣ ከበር ኋላ እንደ መወርወሪያ ተሸጉጦ፣ ወይም ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ለሁለት ቢላ ተቆርጦ ይገኛል። የሚያብረቀርቀው አጭሩ ግን በነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የአድዋም ታሪክ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

የጀርመን ብረት ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመረው በሳንጃ ሳይሆን በጎራዴ ነው። ዞሊንገን ለመቶዎች ዓመታት የስለት ከተማ ናት፤ ሰይፍ ለመላው ዓለም ትሸጥ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ መኳንንት ወገብ ላይ የነበሩ ብዙ ጎራዴዎች ስለታቸው ከአውሮፓ የመጣ፣ እጀታቸውና አፎታቸው እዚሁ አገር የተሠራ ነው። በ1905 ፍሪድሪኽ ሮዘን የመራው የጀርመን መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረም ንግዱ ይበልጥ መስመር ያዘ። ከእነዚህ ስለቶች አንዳንዱ ላይ «አይዘንሃወር» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ትርጉሙ «ብረት ቆራጭ» ነው፤ የሰው ስም ወይም የጄኔራል ማዕረግ አድርገው የሚተረጉሙት አሉ። የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ በአሲድ የተጻፈባቸውም ለእኛ ገበያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በዚህ ዘመን ስለቱ የውጭ መሆኑ ጎራዴውን የውጭ አያደርገውም። ቆዳውን ያለበሰው፣ ቀንዱን ለእጀታ የጠረበው፣ ብሩን የለበጠው የኢትዮጵያ እጅ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ «ጀርመን» ብሎ ማለፍ ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል።

ካፋ ከጀርመንኛ ተናጋሪዎች ጋር የተገናኘችው በመሣሪያ ሳይሆን በጥናት መሆኑንም እግረ መንገዴን ማንሳት እፈልጋለሁ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር በ1905 ካፋ ደርሶ፣ ያየውንና የሰማውን በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳተመ። የሰበሰባቸው የካፋ ዕቃዎች ቪየና ሙዚየም ገብተዋል። በ1920ዎቹ አጋማሽም ማክስ ግሩል የሚባል ጀርመናዊ የጥናት ጉዞ እየመራ እስከ ካፋ ዘለቀ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ፣ የካፋ ደን በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ክልል ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ፣ የቦንጋ ሰው «ጀርመን» ሲባል የሚታየው በደን ጥበቃ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ የሚከተለው ነው፦ ከካፋ የሄደው ዕቃ ቪየና ላይ መዝገብ አለው፤ ከአውሮፓ መጥቶ ካፋ የቀረው ዕቃ ግን በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ስሙን ከሚያውቁት አዛውንት ጋር እያለቀ ነው።

የ1930ዎቹ ለካፋ ብረት ትልቁ ዘመን ነው። በ1930 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለኢትዮጵያ መሣሪያ የመግዛት መብት የሚሰጥ ስምምነት ፈረሙ፤ ከቤልጅጉ የኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዛው ጠመንጃ አገር ውስጥ በሰፊው የገባው በዚህ ዙሪያ ነው፤ ቤልጅግ የተባለውም ለዚህ ነው። ሥሪቱ የጀርመኑ ማውዘር ስለሆነ ሳንጃውም ከጀርመኑ ጋር ይቀራረባል፤ ግራ የሚያጋባው አንዱ ይህ ነው። ከዚያ በ1935፣ ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ሂትለር ለኢትዮጵያ በምስጢር 10,000 ማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት እንዲሰጥ አደረገ። ለእኛ አዝኖ አልነበረም። ሙሶሊኒ በኦስትሪያ ጉዳይ እንቅፋት ስለሆነበት ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ እንድትጠመድ ፈልጎ ነው። ይህ መሣሪያ የት የት እንደደረሰ መከተል ከባድ ነው፤ የጦሩ አንድ ክፍል ግን ወዴት እንዳፈገፈገ ይታወቃል። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞችና ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ጋር ሆነው ከጎሬ ተነስተው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ፣ በታኅሣሥ 1936 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ጎጀብ የካፋና የጅማ ድንበር ነው፤ ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ ዛሬም ድልድዩን ይሻገራል። መሣሪያውን የሰጠ አለ፤ በጫካ የቀበረ አለ፤ ለገበሬው ሰጥቶ ነፍሱን ያዳነ አለ። የጎጀብን ታሪክ የሚያወራ ቤተሰብ ዕቃ ሲያሳየኝ ከአድዋው ይልቅ በዚህኛው ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ ቦታውም ዘመኑም ይገጥማልና።

ከ1936 እስከ 1941 የገባው የጣሊያን ብረት ነው፤ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው እሱ ይመስለኛል። ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠመንጃ ሳንጃ ስለቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እጀታው በሁለት ችንካር የተያዘ እንጨት ነው። ቴርኒ ወይም ብሬሻ የሚል ምልክት ካየህ አትድከም፤ ጣሊያን ነው። ነገር ግን ከጣሊያን ጋር ምንሽርም መጥቷል። ጣሊያን ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ የወሰደችውን የማንሊኸር ጠመንጃ ለአስካሪ ወታደሮቿ አስታጥቃ ነበር። የዚህን ሳንጃ ለመለየት ፊደል ማንበብ አያስፈልግም፦ ጠመንጃው ላይ ሲሰካ ስለቱ ወደ ላይ ይመለከታል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በሰኔ 1941 ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ፣ በሐምሌም የመጨረሻዎቹ በደምቢዶሎ በኩል ሲማረኩ፣ በደቡብ ምዕራቡ ጫካ የተጣለው መሣሪያ ብዙ ነበር። አስካሪው የያዘው የኦስትሪያ፣ የአስካሪው አዛዥ ጣሊያናዊ፣ አስካሪው ራሱ ኤርትራዊ ወይም ሱማሌ፤ የማረከው ደግሞ ካፋዊ። አንድ ሳንጃ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ እኛ ግን በአንድ ቃል «የፋሽስት» እንለዋለን።

አሁን ወደ ልጁ ሳንጃ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያደናግረው እሱ ነው።

ጀርመኖች በ1930ዎቹ ሁለት ዓይነት ሳንጃ ነበራቸው። አንዱ የጦር ሜዳው ነው፦ መንግሥት የሰጠው፣ ስለቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የጠመንጃ ብረት የመሰለ ጠቆር ያለ ቀለም ያለው፣ በስለቱም በአፎቱም ላይ ተከታታይ ቁጥር የተመታበት። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ስለቱና አፎቱ ከፋብሪካ ጀምሮ አልተለያዩም ማለት ነው። የንስር ምልክት ያለበት ትንሽ የምርመራ ማኅተም፣ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኃዝ፣ የፋብሪካውን ስም የሚተካ ምስጢራዊ ቁጥር ወይም ፊደል ይገኝበታል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1ኛው የዓለም ጦርነት ሳንጃ ደግሞ ጀርባው ላይ ዘውድ ያለበት ፊደልና የዓመቱ ሁለት አኃዝ አለው፤ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ስለት ያለውን ደግሞ ሰዎች ከሥጋ ቢላ ጋር ያመሳስሉት ነበር።

ሌላው የክት ሳንጃ ነው። ይህንን መንግሥት አልሰጠም። ወታደሩ ከመደብር በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ሰንበት ከሰፈር ሲወጣ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ወይም ፎቶ ሊነሳ ሲሄድ ወገቡ ላይ የሚያስረው ጌጥ ነው። ስለዚህ ተከታታይ ቁጥር የለውም፤ የንስሩም የምርመራ ማኅተም የለውም። ብረቱ በኒኬል ወይም በክሮም ተለብጦ ያበራል። ርዝመቱ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፦ ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አጭርና 25 ገደማ የሆነ ረጅም። እጀታው ጥቁር የተከረከመ ጠንካራ ጎማ ወይም ባኬላይት፤ ለበታች ሹማምንት ደግሞ የአጋዘን ቀንድ የለበሰም አለ። ዋናውን ልዩነት የሚያሳየው የእጀታው ጫፍ ነው። የጦር ሜዳው ሳንጃ ጠመንጃ ላይ የሚሰካበት ጥልቅ ቦይና የሚጫን ቁልፍ አለው። በብዙ የክት ሳንጃዎች ላይ ቦዩ ጨርሶ የለም፤ ካለም በአብዛኛው ለምስል ያህል ነው። የልጁን ሳንጃ ገልብጬ ያየሁት ይህንን ነበር። ቦይ የለውም። ጠመንጃ ላይ ተሰክቶ የማያውቅ፣ ሊሰካም የማይችል ሳንጃ ነው። ማንም በእሱ አልዘመተም።

ከዚያ የፋብሪካው ምልክት ይመጣል። ዞሊንገን ውስጥ ብዙ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ምልክቱን በሥዕል ነበር የሚመታው፤ ፊደል የማያነብ ሰው እንኳ ሊለየው ይችላል። ሰይፍ የታቀፈች ሽኮኮ የካርል አይክሆርን ናት፤ የንጉሥ ራስና የጥሩር ቆብ ጎን ለጎን ከሆኑ የቫየርስበርግ ኪርሽባውም፤ ሚዛን ከሆነ የአልኮሶ፤ የሙቀት መለኪያ ከሆነ የሄለር ነው። ልጁ ዘንድ ያለችው ሽኮኮዋ ናት። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት፣ ቁጥር የሌለው፣ ቦይ የሌለው፣ በክሮም የተለበጠ አጭር ሳንጃ የ1930ዎቹ ሥራ ነው። ከአድዋ በኋላ 40 ዓመት ገደማ።

ስለቱ ላይ ጽሑፍ ያለበትም አለ፤ በብዛት የሚገኘው «የአገልግሎት ዘመኔ መታሰቢያ» የሚል ነው። ጽሑፍ ያለበት ብዙ ዋጋ ስለሚያወጣ አጭበርባሪዎች ምንም ያልተጻፈባቸውን ስለቶች ወስደው በአሲድ ይጽፉባቸዋል። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ማጉያ መነጽር ይያዝ። በእውነተኛው ላይ በአብዛኛው ጽሑፉ ከልብጡ በፊት የተሠራ ስለሆነ የፊደሉ ቦይ ውስጥም ኒኬል ይታያል፤ በሐሰተኛው ላይ አሲዱ ልብጡን በልቶት የፊደሉ ጠርዝ ይሻክራል። በናዚ የኤስ ኤስ ምልክት የተሸለመ የክት ሳንጃ ሲቀርብ ደግሞ መጀመሪያ መጠራጠር ነው። ምንም ያልተጻፈበት ሳንጃ ግን ርካሽ ስለሆነ ሐሰተኛ ለመሥራት የሚደክምበት የለም። የልጁ ሳንጃ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም። በዚህም አምናዋለሁ።

እንግዲህ የጀርመን ወታደር የሰንበት ጌጥ ካፋ እንዴት ደረሰ? ጀርመን እዚህ አልዘመተችም። በ1935ቱ የምስጢር ጭነት ውስጥ የክት ሳንጃ የሚጨምር ሰው የለም። ስለዚህ የመጣው በሰው እጅ፣ በወዳጅነት ወይም በንግድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንዲህ ያለ ዕቃ በዓለም ሁሉ ተበትኗል፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የሌላው አገር ወታደር ሁሉ ለማስታወሻ ይዞ ሄዷል። ይህን ጥያቄ ብረቱ አይመልስልንም።

ከ1977 በኋላ «ጀርመን» የሚለው ቃል እንደገና ሌላ ትርጉም አገኘ። ደርግ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ሲወዳጅ መሣሪያም ሥልጠናም መጣ። ከሚሊሺያ የተመለሰ ሰው ቤቱ ይዞት የመጣው የክላሽ ሳንጃ፣ በስለቱ ላይ ከአፎቱ ጋር ተጋጥሞ ሽቦ የሚቆርጥበት ቀዳዳ ያለው፣ ከሶቪየት ወይም ከምሥራቅ ጀርመን ሊሆን ይችላል። የምሥራቅ ጀርመኑን «ጀርመን» ያለ ሰው አልተሳሳተም። ግን የልጅ ልጁ ቃሉን ብቻ ወርሶ ሲቀር፣ የ1905ቱ ጎራዴ፣ የ1935ቱ ማውዘር፣ የሽኮኮዋ ሳንጃና የሚሊሺያው ክላሽ ሁሉ አንድ «ጀርመን» ውስጥ ይቀላቀላሉ። የዘመናችን ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ አያቶቻችን ሰናድርን ከውጅግራ በጆሯቸው የለዩትን ያህል እኛ በዓይናችን መለየት አቃተን።

ባለፉት 20 ዓመታት የመጣው ለውጥ ደግሞ ስልክ ነው። ልጆች ሳንጃውን ፎቶ አንስተው ይልካሉ፤ ከሩቅ ሰው «ዋጋው ይህን ያህል ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ ዕቃው ይጸዳል። እዚህ ላይ እለምናለሁ፦ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ነው የምትፈገፍጉት፤ ሽኮኮዋ ከጠፋች ሳንጃው ተራ ቢላ ነው። በሞረድ መሳልም እንደዚያው ነው፤ የክት ሳንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያልተሳለ ስለሆነ የሳለው ሰው ዋጋውን በልቶታል። በቦንጋ ዝናብና እርጥበት ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፦ ደረቅ ጨርቅ፣ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት፣ ከዚያም ከቆዳ አፎት ውስጥ አውጥቶ ማስቀመጥ፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋልና። የነበረበትን ነጠላ፣ መታጠቂያውን፣ የታሰረበትን ጅማት አትጣሉ። ለካፋ ታሪክ ከዞሊንገኑ ብረት ይልቅ ያ ጅማት ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር። በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ የዚህና የሚቀጥለው አዋጅ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ከሳንጃው ጋር ጠመንጃው ያለበት ቤት ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመለከተዋል። አዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ሱቆች «የአርበኛ» እየተባለ የሚሸጠውን አዲስ ጎራዴ ያየ ሰው፣ እውነተኛው ከካፋ ቤቶች እየወጣ ሐሰተኛው በቦታው ሲተካ ምን እንደሚቀረን ያውቃል።

ያን ቀን ሳንጃውን ይዤ ይህንን ሁሉ ለልጁ ሳስረዳው የልጁ አያት ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ቡና ይቆሉ ነበር። ሦስተኛው ሲቀዳ ሲኒዬን ተቀበልኩና፣ «እማማ፣ እርስዎስ ይህን ሳንጃ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴታ!» አሉኝ። «ባለቤቴ ከጅማ ነው ያመጣው። ግሪክ ነጋዴ ዘንድ ቡና ያስጭን ነበር። ጆንያ መቅደጃቸው ነበረች። ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሲገባ ለእሱ ሰጠው።»

ልጁ ደነገጠ። «አድዋ አይደለችም እንዴ እማዬ?»

«አድዋ ማን አለህ? እኔን መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ስለቱን እንደገና አየሁት። ጫፉ ላይ፣ ክሮሙ ተገሽልጦ፣ አንድ አቅጣጫ የያዙ ደቃቅ ጭረቶች አሉ፤ ደጋግሞ ሻካራ ነገር የቀደደ ብረት ላይ የሚገኙ ዓይነት። ግሪክን ጀርመን ከ1941 እስከ 1944 ይዛት ነበር። ዞሊንገን ላይ የተሠራው የሰንበት ጌጥ አንድ ወታደር ወገብ ላይ ግሪክ ቢደርስ፣ ከዚያም የግሪኩ ነጋዴ ሻንጣ ውስጥ ጅማ ቢገባ የሚያስገርም አይደለም፤ ብረቱ ይህንን አይቃረንም።

ልጁ ደብተር አመጣ። አያቱ እየነገሩት፣ ቡናው ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ሱቁ ከየትኛው መንደር እንደነበረ፣ ባለቤታቸው ስንት ዓመት እንደሠሩ ጻፈ። ከላይ «የአድዋ ሳንጃ» ብሎ ጀምሮት ነበር። ያንን ሰርዞ «የአያቴ የጆንያ መቅደጃ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን አጥፎ ከሳንጃው ጋር በነጠላው ጠቀለለው።